ትምባሆ ላይ የተቀመጠ ሽምግልና

በዚህ ዘመን ለስላሳ ያልተባለ ነገር የለም። መጠጡ ለስላሳ፣ ሳሙናው ለስላሳ፣ ዘፈኑ ለስላሳ። ሽምግልናው ራሱ ለስልሷል። ድሮ ጥፋተኛውን ከዛፍ ሥር አቁመን ላብ እስኪያጠምቀው የምንወቅስ ሰዎች፣ አሁን «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» ብለን ቡናችንን ጠጥተን እንበተናለን። ይህንን ሁሉ ችዬ ነበር። ትምባሆ ይለሰልሳል ብዬ ግን አላሰብሁም።

የእህቴ ልጅ ደቡብ አፍሪካ ነው። በኛ ወረዳ በሌሞ ይህ ወሬ አይደለም፤ ደቡብ አፍሪካ ሰው የሌለው ቤት ከተገኘ ነው ወሬው። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ መንገድ ዳር የምታዩአቸው አዳዲስ ቤቶች ብዙዎቹ የቆሙት እዚያ ማዶ በትንንሽ ሱቆች በተቸረቸረ ዳቦ፣ ሳሙናና ሲጋራ ነው። የኔውም ባለ ሱቅ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮናው ጊዜ የዚያ አገር መንግሥት ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ትምባሆ እንዳይሸጥ ሲከለክል፣ «ገበያዬ ሞተ» እያለ በስልክ ሲያለቅስብኝ ነበር የከረመው። አይዞህ ብዬ ያጽናናሁት እኔ ነኝ። እንግዲህ ያጽናናሁት ሰው ነው እንዲህ ያደረገኝ።

ለያሆዴ መጣ። ያሆዴ የሐድያ ዘመን መለወጫ ስለሆነ መስከረም ላይ ገንዘብ ያገኘ ሁሉ ወደ አገሩ ይጎርፋል፤ ገንዘብ ያላገኘውም ተበድሮ ይመጣል። ለወንድሞቹ ስልክ፣ ለእናቱ ብርድ ልብስ አመጣ። ለእኔ ለአጎቱ አንድ ፒፓና አንድ ክብ ቆርቆሮ።

«አባባ፣ ያንን ጋያ ይተዉትና ይሄንን ይሞክሩ። የሰለጠነ ነው» አለኝ።

ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አስነበብሁት። ቨርጂኒያ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ማጣፈጫም የለበትም።

«ማጣፈጫው የት ሄደ?»

«የለበትም አባባ። የለበትም የተባለው ለሙገሳ ነው። ሌሎቹ ላይ ቫኒላ ይረጩበታል፣ ቼሪ ይረጩበታል፣ ረም የሚባል አረቄም ይጨምሩበታል። ይሄ ንጹሕ ቅጠሉ ብቻ ነው።»

«እንግዲያ ያስከፈሉህ ምንም ስላላደረጉበት ነው?»

ልጁ ሳቀ። ዋጋውን በራንድ ነገረኝ። ወደ ብር መልሼ ሳሰላው ለአንድ በግ የሚበቃ ሆኖ አገኘሁት፤ ከዚያ ወዲህ ሒሳብ አልሠራሁም።

እዚህ ላይ ፓርላማውን ላመስግን ወይስ ልክሰስ ግራ ገብቶኛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ማጣፈጫ የገባበትን ትምባሆ ከነሺሻው ከልክሏል። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አይሸጥም። ሕዝብ በሚገባበት ቤት ውስጥ አይጨስም፤ ከበሩና ከመስኮቱም 10 ሜትር መራቅ ግድ ነው። በ21ዱ ዓመት እኔን የሚጠረጥር የለም። ባለ 10 ሜትሩ ግን አሠቃይቶኛል። ሆሳዕና ስወርድ ከአንዱ ሱቅ በር 10 ሜትር ርቄ ስቆም የሌላው መስኮት ሥር ደርሻለሁ። ከዚያም ስርቅ ባንክ ነው። ባንኩን ሳልፍ መናኸሪያ ነው። እንዲህ እያልሁ ከከተማው ወጥቼ፣ ሳላጨስ ቤቴ እገባለሁ። ወደ ነገሬ ስመለስ፣ በሕጉ መሠረት የሚጣፍጠው ተከልክሏል፣ የማይጣፍጠው ተፈቅዷል። ያረቀቁት ሰዎች ሚስቴን ሳያማክሩ አልቀሩም።

ፒፓው ያምራል፤ ውሸት አልናገርም። ቀይ ዳማ ነው፣ ይከብዳል፣ እጅ ውስጥ ይሞቃል። ከምን እንጨት ነው ብዬ ብጠይቅ፣ በሜዲትራኒያን ዳርቻ የሚበቅል ቁጥቋጦ ሥሩ ላይ ከሚያወጣው ጉጥ ነው አሉኝ። አጣርቼ ስደርስበት ያ ቁጥቋጦ አስታ ሆኖ አረፈው! በሰሜንና በባሌ ተራሮች አናት ላይ የሚበቅለው አስታ! እኛ ቆርጠን ማገዶ እናደርገዋለን። ፈረንጁ ሥሩን ይቆፍራል፣ ጉጡን ይቀቅላል፣ ያደርቃል፣ ይጠርባል፣ ይወለውላል። ሁላችንም መጨረሻ ላይ የምናገኘው ጢስ ነው፤ የሱ ግን ይሸጣል።

ማታ ከእንሰቱ ጀርባ በርጩማዬን አውጥቼ ተቀመጥሁ። ልጁም አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ቅጠሉን ጠቅጥቄ ሞላሁት፤ «እንዲህ አይጠቀጠቅም» ብሎ አወጣው። አላልቶ ሞላው፤ ክብሪት ለኮስሁ፤ ነደደና ጠፋ። ደግሞ ለኮስሁ። መጥፋቱም ደንብ ነው አለኝ፤ የመጀመሪያው እሳት ቅጠሉን ለማስተኛት ብቻ ነው። የእሳት ልምምድ አለው ማለት ነው። ክብሪቱ አለቀና ከምድጃ ፍም አስመጣሁ። እሱም አይሆንም ተባለ፤ የፒፓውን አፍ ያሳርረዋል። እኔ ዕድሜ ልኬን ትምባሆ በፍም ያጨስሁ ሰው፣ በራሴ ጓሮ ፍም ተከለከልሁ።

በስንት መከራ ተያያዘ። ጢሱ አፌ ገባ፤ ገብቶም ዝም አለ። ጠበቅሁት። ጉሮሮዬን አልነካ፣ አናቴ ላይ አልወጣ፣ ዓይኔን አላስነባ። ቅቤና ወተት ያልገባበት አተካና የጎረስሁ መሰለኝ፤ ቡላው አለ፣ ሙቀቱ አለ፣ አተካናነቱ ብቻ ቀርቷል።

«ምን ይሰማዎታል?»

«ምንም።»

«ቀስ ብለው ያጣጥሙት። ድርቆሽ ድርቆሽ አይልም?»

«ምን?»

«ድርቆሽ። የቨርጂኒያ ቅጠል የሚታወቀው በእሱ ነው። መጀመሪያ ድርቆሽ፣ ቀጥሎ ትኩስ ዳቦ፣ መጨረሻ ላይ የሎሚ ልጣጭ ይመጣል።»

ዳቦውን ጠበቅሁ። ሎሚውንም ጠበቅሁ። ሁለቱም በዚያው ቀሩ። ድርቆሹ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ መጣ። ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሰው ድርቆሽ አይስትም፤ ጥቅምት ላይ የታጨደ፣ ዝናብ ያላገኘው፣ ደህና ድርቆሽ ነው። ደግሞስ ድርቆሽ ለመቅመስ ጆሃንስበርግ ድረስ ምን አስኬደ? ከቤቴ ማዶ ክምር ሙሉ አለኝ፤ እስከ ዛሬ ግን ላሚቷ እንጂ እኔ «አጣጥምልኝ» የተባልሁበት ቀን የለም።

ምንም አላደረገም ስል ደግሞ ምላሴን ጠበሰኝ። ለስላሳው! እስከ ማግሥቱ ቡና መቅመስ አቅቶኝ ዋልሁ።

የሽማግሌ ልማድ ሆኖብኝ ጥፋተኛውን ሳላገኝ አላርፍም። በመጀመሪያ ጎረቤቴን አስጠራሁት። በጉልምስናው ብላቴ ትምባሆ እርሻ የሠራ ሰው ነው። ብላቴ የኛው ወንዝ ነው፤ ከጉራጌ ተራሮች ተነሥቶ፣ የሐድያን መሬት አቋርጦ፣ በሐላባ በኩል አልፎ አባያ ሐይቅ ይገባል። እርሻው በታችኛው ዳርቻ ነው፤ ይመረትበት የነበረውም ይኸው ቨርጂኒያ። ኒያላ ሲጋራ የሚያጨስ ሁሉ ሳያውቀው ከዚህ ቅጠል ጋር ተዋውቋል። በነገራችን ላይ ጃፓኖቹ በ2008 ዓ.ም. ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዝተው፣ ቆይተው ደግሞ አብዛኛውን ድርሻ ጠቀለሉት። ይህን ያህል ዶላር ለጢስ! እኛ እዚህ ለአንዲት ጥማድ መሬት ድንበር ሦስት ዓመት እንሟገታለን።

ጎረቤቴ ቆርቆሮውን ከፈተ፣ አሸተተ፣ ዓይኑን ጨፈነ። የወጣትነቱን ደመወዝ ያሸተተ መሰለኝ።

«ይሄ ቅጠል እኮ ጢስ አይነካውም» አለኝ። «ከሥር ወደ ላይ በየተራው ይቀጠፋል። በዘንግ ታስሮ ቤት ውስጥ ይሰቀላል፤ እሳቱ ውጭ ይነዳል፣ ሙቀቱ ብቻ በቧንቧ ይገባል። መጀመሪያ 35 ዲግሪ ገደማ አድርገህ ቢጫ እስኪሆን ትጠብቃለህ። ከዚያ ቀስ እያልህ እስከ 70 ታወጣዋለህ። አምስት ስድስት ቀን እንቅልፍ የለም። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጥና እዚያው ደርቆ ይቀራል።»

«ስኳር ካለውማ ለምን አይጣፍጥም?»

«ስኳሩ ይነዳላ! ስኳር ሲነድ ትኩሳቱ ምላስ ይጠብሳል። ጢሱም ኮምጣጣ ስለሚሆን ኒኮቲኑ በአፍ በኩል ቶሎ አይገባም። ለዚህ ነው አናትህ ላይ ያልወጣው። አንተ ደግሞ ጋያ መስሎህ ጎተትኸው፤ ይሄ በቀስታ ነው የሚጠጣው።»

ይህን የሚያህል ዕውቀት በጎረቤቴ ሆድ ውስጥ ተቀብሮ መኖሩን አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬ በአጥር ጉዳይ ብቻ ነበር የምንነጋገረው። ደግሞስ ቅጠል ጢስ ሳይነካው አድጎ፣ ደርቆ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ጢስን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው እኔ አፍ ላይ ነው ማለት ነው? የኛው ቅጠል ቤት ውስጥ ተሰቅሎ የማገዶውንም፣ የቡናውንም፣ የጭቅጭቁንም ጢስ ጠጥቶ ነው የሚደርቅ። ልምድ አለው።

ጎረቤቴ ነፃ ወጣ። ሁለተኛው ተከሳሽ ጆን ሮልፍ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ቨርጂኒያ የምትባለው አገር የጥንት ነዋሪዎቿ የሚያጨሱት ትምባሆ እንደኛው ኃይለኛ ነበር። እንግሊዞቹ መጥተው ጄምስታውን የሚባል መንደር ሠሩና፣ የአገሬው ቅጠል ጉሮሮ ይቧጥጣል ብለው ናቁት። ሮልፍ በፈረንጆች 1612 ገደማ ከስፔኖች ቅኝ ግዛት የተገኘ የለዘበ ዘር ዘራ። ለንደን ወደደው፤ በረሃብ ሊያልቅ የነበረው መንደር በትምባሆ ቆመ። የሚገርመው መንደሩ የተሰየመለት ንጉሥ ጄምስ ትምባሆ ጠልቶ በ1604 የውግዘት ጽሑፍ የጻፈ ሰው መሆኑ ነው። ጻፈ፤ ማንም አልሰማውም። የኛው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ግን ወረቀት አላባከኑም፤ የአጫሽን ከንፈር፣ የሱረት ወዳጅን አፍንጫ ያስቆርጡ ነበር ይባላል። ጭካኔውን አልደግፍም፤ ከንፈሬንም እወደዋለሁ። ግን በዚያ ዘመን ትምባሆን ማንም «ለስላሳ» ብሎ አልናቀውም።

ሦስተኛው ተከሳሽ ሲቀርብ ጉባኤው ጸጥ አለ። በፈረንጆች 1839፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ ስሌድ በሚባል ገበሬ እርሻ ላይ በባርነት የተያዘ እስጢፋኖስ የሚባል ወጣት ነበር። ሌሊት የትምባሆውን እሳት እንዲጠብቅ ታዝዞ እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ እሳቱ ሊጠፋ ነው። ደንግጦ ከብረት መቀጥቀጫው ቤት ከሰል አምጥቶ ጣለበት። ድንገተኛው ሙቀት ቅጠሉን ወርቅ የመሰለ ቢጫ አደረገው። የዛሬው ቨርጂኒያ የሚደርቅበት ዘዴ ከዚያ ሌሊት ይቆጠራል። ጌታው ከበረ፤ ልጁ ግን ባሪያ እንደሆነ ቆየ። ፍርዴን እነሆ፦ የተኛውን አልከስም። ቀን ሙሉ ያሠሩትን ሰው ሌሊት እሳት አስጠብቆ እንቅልፍን መክሰስ ነውር ነው። ካሳ የሚገባው እሱ ነበር።

ስለዚህ ጥፋተኛ አጣሁና ወደ ጋያዬ ተመለስሁ።

ጋያን የማያውቅ ወጣት ስለበዛ ልናገር። ቅል ነው፤ ውስጡ ውሃ አለ። ከላይ የሸክላ ራስ ይቀመጥበታል፤ ራሱ ላይ ትምባሆ፣ ትምባሆው ላይ ፍም። በሸምበቆው ሲሳብ ውሃው ይንቦጫረቃል፣ ድምፁም አጥር ይሻገራል። ያንን የሰማ ጎረቤት «ሰውየው ቤት አለ» ብሎ ይመጣል። ትምባሆው ከጓሮ ነው፤ ከቤት አጠገብ ፍግ ጠግቦ የበቀለ፤ ተወቅጦ፣ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ ገበያ የሚወጣ። አሮጊቶቻችንም ያውቁት ነበር፤ ያውም ከኛ ይልቅ ስበታቸው ይረዝም ነበር።

ዋናው ነገር ግን መቀባበሉ ነው። አንዱ ስቦ ለቀጣዩ ያሳልፋል። አፉ ሸምበቆ ላይ ያለ ሰው መናገር አይችልም፤ ስለዚህ በጋያ ዙሪያ የማንም ነገር አይቋረጥም። በጣም የሚለፈልፈውን ሰው ለማስታገሥ ጋያውን ቀድሞ ማቀበል ነው። ስንት የደም ነገር፣ ስንት የጋብቻ ጠብ እንዲህ እንዳለቀ እኔ ዓይቻለሁ። አሁን በየስብሰባው ማይክራፎን ያቀባብላሉ፤ እሱ የያዘውን ሰው እንዲናገር ያደርጋል። የጥፋቱ ሥር እዚህ ይመስለኛል።

ፒፓው የአንድ ሰው አፍ ነው። አንድ ቀን ልማድ ሆኖብኝ ለጎረቤቴ ባቀብለው የፒፓውን አንገት አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ አንገቱን አየ። በጋቢው ጫፍ ጠርጎ መለሰልኝ። «ይሄ የግል ነው» አለ። ድምፅም የለውም። ከእንሰቱ ጀርባ ተቀምጬ ሳጨስ የሰማኝ የለም፤ የመጣም የለም።

አንድ ሰው ብቻ ደረሰብኝ፤ ሚስቴ። ሚሲዮናውያኑ በ1920ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሆሳዕና መጥተው ከሰፈሩ ወዲህ፣ በዚህ አገር አማኝ ቤት ትምባሆ አይገባም። ሚስቴ ከልቧ አማኝ ናት፤ እኔም እሑድ እሑድ ከኋላ ወንበር አልጠፋም። ጋያው በረት ሆኖ እንዲቆይ በስንት ድርድር ነው የተስማማነው።

«የልጆቼ አባት፣ አዲስ ኃጢአት አስመጣህ?»

«ለስላሳ ነው። ጣዕምም የለው።»

«እንግዲያስ ከድሮው ይብሳል። ሰው ኃጢአት የሚሠራው ቢጣፍጠው ነው፤ አንተ ሳይጣፍጥህ ነው እንዴ የምትኰነን?»

ከሃምሳ ሽማግሌ ጋር ተከራክሬ አልተረታሁም። እዚህ ግን ይግባኝ አጣሁ።

የልጅ ልጄ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። እሷ በእግዜር አልመጣችብኝም፤ በሳይንስ መጣችብኝ። «አባባ፣ ለስለስ ያለው ጣዕሙ ነው እንጂ ጉዳቱ አይደለም። ወደ ሳንባዎ ባያስገቡት እንኳ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል። የጋያው ውሃም ጢሱን አያጠራውም፤ ያቀዘቅዘዋል እንጂ።» የምመልሰው አጣሁ። አጥቤ ያሳደግኋት ልጅ ልክ ስትሆን ያናድዳል፤ በተለይ ድምፅዋን ሳትጨምር ልክ ስትሆን። ሲጋራማ መንግሥት በ2012 ዓ.ም. በአንድ ፓኮ ላይ 30 በመቶና 8 ብር ኤክሳይዝ ጭኖበት ያስፈራራል። እኔን የሚያስፈራሩኝ ሁለት ሴቶች ናቸው፣ ያውም በነፃ።

ቆርቆሮው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ጥር ሲገባ ምንጩ ሳሳ፤ ከብቱም ኩሬ ወረደ። ኩሬ የጠጣ ከብት አልቅት ይዞ ይመጣል። ላሚቷ በአፍንጫዋ ደም ማንጠባጠብ ጀመረች። መድኃኒቱን የማያውቅ አርቢ የለም፤ የትምባሆ ቅጠል በውሃ ዘፍዝፎ፣ አጥልሎ አፍንጫዋ ውስጥ ማንቆርቆር ነው። አልቅት ትምባሆ አይችልም። ያን ዕለት የጓሮ ቅጠል አልቆብኝ ስለነበር እጄ ወደ ቆርቆሮው ሄደ። ቨርጂኒያውን ቆንጥሬ ዘፈዘፍሁት፤ ውሃው ወርቅማ ሆነ። ልጆቹ ቀንዷን ያዙ፣ እኔ አንቆረቆርሁ።

አልቅቱ ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም ከአፍንጫዋ ብቅ ብሎ ጫፉን አወዛወዘና ተመልሶ ገባ። ላሚቷም ውሃውን ላሰችው፤ አልጠላችውም፣ አልወደደችውምም፤ ፊቷ ላይ ያየሁት የዚያን ማታ የኔኑ ፊት ነው። ጎረቤቴ ሮጦ የራሱን ጓሮ ቅጠል አመጣ። እሱ ሲንቆረቆር ላሚቷ አንዴ አስነጠሰች፤ አልቅቱም መሬት ላይ ተዘረጋ።

ማታውኑ ጆሃንስበርግ ወደ ተመለሰው የእህቴ ልጅ ደወልሁ።

«አባባ! ያንን ውድ ትምባሆ ለላም ሰጡት?» ብሎ ጮኸ።

«ድርቆሽ ነው ያልኸኝ አንተ አይደለህም እንዴ?» ብዬ ዘጋሁበት።